ልኩ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ቆርቆሮ በራችን
ሰኞ ጠዋት ተንኳኳ፤ ሻምበል ደምለው ናቸው፣
ምንሽራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣
የአደን ፈቃዱ በኪሳቸው፣ ቅሬታው በአፋቸው።
«ጎረሰ፣ ተኮሰ፣ አልተፋም» አሉን፤
መቀርቀሪያው አልነሣም ብሎ እንዳስቸገራቸው፣
በመዳፍ እንደመቱት፣ በተረከዛቸው፣
መዶሻ ብቻ እንደቀራቸው።

ጋሽ እንግዳሸት መዶሻ ሲነሣ አይወዱም።
መነጽራቸውን ገፍተው፣
ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ አግብተው፣
እሾህ ከሕፃን እግር እንደሚያወጣ ሰው
ቀለሃውን አወጡት፣ ትንፋሻቸውን ውጠው።
መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።
«ናስ ነው እንጂ ድንጋይ አይደል።
እሳት ሲነካው ያብጣል፣
ያደረበትን ክፍል ግድግዳ ይመስላል።
ሲበርድ ጥቂት ይሸሻል፤ ጥቂት ብቻ።
የቀረውን አንቺ ካልመለስሽው፣
ዳግም ባሩድ ሞልተሽ ብታጎርሺው፣
መጉረሱን ይጎርሳል፤
መትፋቱ ላይ ያንቀዋል።»

አርባ ሁለት ቀለሃ ሰጡኝ፤ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ደርድሬ።
ቅርጽ ማውጫው ከአሮጌ ፊያት አክስል
በራሳቸው ቶርኖ የሠሩት ነው።
«ቅባቱን ተጠንቀቂ» አሉኝ፣ «እንደ ይሉኝታ ነው፤
ሲበዛ ትከሻውን ያሰረጉዳል፣
ሲያንስ ነክሶ እዚያው ያስቀራል።»
የመጀመሪያውን አበዛሁት፤ ተሰረጎደ።
ሁለተኛውን ሰሰትኩ፤ ነክሶ ቀረ፤
ግማሽ ቀን አስለቀሰኝ፣ እሳቸው ዝም ብለው ሬዲዮ ሲሰሙ።

«ምን ያህል ልመልሰው?»
«ከጸጉር ያነሰ።»
«ከየትኛው ጸጉር? ከእኔ ወይስ ከእርስዎ?»
ሳቁ፤ መላጣቸውን ዳበሱ።
ከዚያ ሳቁን ትተው፦
«አብዝተሽ ከገፋሽው ወገቡ ይሳሳል፣
ሦስቴ አራቴ ሲተኮስ እዚያው ይበጠሳል።
ልክ ማለት መጥበብ አይደለም፤
ለመውጣት የሚበቃ ነው።»

ከአጥሩ ማዶ እስካቫተር ያጓራል፤
ማንሻውን በተጫንኩ ቁጥር
የናሱን ሲጢጥታ ይውጥብኛል።
በግድግዳችን ላይ ቀይ ምልክት አለ፣
ማን እንደጻፈው አላየንም፤ እርጥብ ሳለ ነው ያየነው።

ሐሙስ አይሱዙ መጣ።
ወረቀቱ «የልማት ተነሺ» ይለናል።
ቶርኖው ተነሣ፣ በስድስት ሰው፤ ሞርሳው ተነሣ፤
አልጋው ተፈታ።
ቁምሳጥኑ ግን በሩ ላይ ተቀረቀረ።
እዚሁ ክፍል ውስጥ የተሠራ ዋንዛ ነው፣
በእሳቸው እጅ፣ በሙሽርነታቸው ዘመን፤
አርባ ክረምት ጣሪያው እያንጠባጠበበት
ከበሩ በላይ አብጧል።
«ጋሼ፣ እንፍለጠው» አለ ሹፌሩ፤
መዶሻ ተነሣ።

አልተቆጡም። ከኪሳቸው የሳሙና ቁራጭ አውጥተው
ጠርዙን ቀቡት፣ መቃኑን ቀቡት፤
መላጊያ ተቀብለው ሁለቴ ብቻ ሳቡ፣
ሁለት ስስ ቅርፊት ወደቀ።
«ቀስ» አሉ። «አሁን ግፉ። ቀስ።»
ሲጢጥ አለ።
ወጣ።

ሳሙናውን ሰጡኝ፣ ተመልሰው ገቡ።
ቁምሳጥኑ የነበረበት ግድግዳ
ሳይጠቁር የቀረ፣ የሠርጉን ቀለም የያዘ፤
እዚያ ሥር፣ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጡ፣
ጀርባቸውን አስደግፈው፣
ትከሻቸው ከግድግዳው ስርጉድ ገጥሞ።

«ጋሽ እንግዳሸት፣ ሰውየው ይቸኩላል።»
«እመጣለሁ» አሉ።
አይሱዙው ሁለቴ ጡሩምባ ነፋ።
«እመጣለሁ አልኩ እኮ።»

ሻምበል ቀለሃቸውን አልወሰዱም፤
የምንሄድበትን አልነገርናቸውም፣ እኛም በቅጡ አናውቀው።
አርባው በከረጢት ይንሿሿል ክንዴ ላይ፣
እያንዳንዱ ልኩን ይዟል፣
እያንዳንዱ ሳያስቸግር ይወጣል።

ሳሙናው በእጄ ነው።
በር ላይ ቆሜያለሁ፤
ምናቸው ላይ እንደምቀባው አላውቅም።